ሙሉም ጎዶሎም የሆነው ቁጥር

ጥያቄ፦ ልጄ የሒሳብ የቤት ሥራው ላይ 2,147,483,647 «ሙሉ ቁጥር ነው» ብሎ ጻፈ። ከሥሩ ደግሞ «ጎዶሎ ነው»፣ «ብቸኛ ነው» ሲል ጨመረበት። አንድ ቁጥር ሙሉም ጎዶሎም ሊሆን ይችላል? ላሰርዘው ወይስ ልተወው?

መልስ፦ እባክዎ አያሰርዙት። ልጅዎ ሦስቱንም በትክክል ጽፏል። ያስቸገረን «ሙሉ» የምትለው ቃል ናት፤ ቁጥርን ስትገልጽ ሁለት ተቃራኒዎች አሏትና። አንዱ «ክፍልፋይ» ነው። ግማሽ፣ ሲሶ፣ ሩብ ያልገባበት ቁጥር ሁሉ በዚህ ፍች ሙሉ ነው። ሁለተኛው ተቃራኒ «ጎዶሎ» ነው።

ይህኛውን ለልጅዎ በዓይኑ ያሳዩት። አንድ እፍኝ ባቄላ ጠረጴዛ ላይ ይበትኑና ጥንድ ጥንድ እያደረገ ይደርድር። ሁሉም ፍሬ ጓደኛ ካገኘ ቁጥሩ ሙሉ ነው፤ አንዲት ፍሬ ብቻዋን ከቀረች ጎዶሎ ነው። የጎደለችው የእሷ ጥንድ ናት። የልጅዎ ቁጥር ባቄላ ቢሆን ኖሮ 1,073,741,823 ጥንድ ወጥቶት አንዲት ፍሬ ትተርፍ ነበር።

የመማሪያ መጻሕፍት ለእነዚህ «ተጋማሽ» እና «ኢ-ተጋማሽ» ይላሉ። «ተጋማሽ» መልካም ቃል ነው፤ ለሁለት እኩል መከፈሉን ራሱ ይናገራል። «ኢ-ተጋማሽ» ግን «አይደለም» ከማለት አያልፍም፤ «ጎዶሎ» ያቺን የቀረች ፍሬ ያሳየናል። ስለዚህ እኔ «ተጋማሽ» እና «ጎዶሎ» ብዬ እጽፋለሁ፤ «ሙሉ»ን ለክፍልፋይ ተቃራኒነት ብቻ አቆያታለሁ።

«ብቸኛ» ከ1 እና ከራሱ በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍለው የሌለ፣ ከ1 የሚበልጥ ቁጥር ነው። ከጎዶሎ ጋር አይምታታ፤ 9 ጎዶሎ ነው፣ ነገር ግን 3 ያካፍለዋል። የልጅዎ ቁጥር 31 ሁለቶች እርስ በርስ ተባዝተው ከውጤቱ 1 ሲቀነስ የሚገኝ ነው። ብቸኛ መሆኑን ስዊዘርላንዳዊው የሒሳብ ሊቅ ሊዮናርድ ኦይለር በ1772 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አረጋግጧል። ኮምፒውተር በሌለበት ዘመን መሆኑን ሳስብ እስከ ዛሬ ይደንቀኛል።

እዚህም ላይ አንዲት ፊደል ትርጉም ትለውጣለች። «ብቸኛ ቁጥር» የቁጥር ዓይነት ነው፤ «ብቸኛው ቁጥር» ስንል ግን ሌላ የለም ማለታችን ነው። «ሁለት ብቸኛው ሙሉ ብቸኛ ቁጥር ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር አንብቤ አውቃለሁ። ሒሳቡ እውነት ነው፤ አንባቢው ግን ሁለቴ ይደናቀፋል። «ከብቸኛ ቁጥሮች መካከል ተጋማሽ የሆነው ሁለት ብቻ ነው» ቢባል ልጅዎም ሳይቸገር ይረዳዋል።