ዕረፍት ነኝ ብለህ ጤፍ ትሸከማለህ?

ባለፈው ወር እሁድ ዕለት ባህር ዳር ገበያ ውስጥ አንድ የማውቀው ሯጭ ልጅ አገኘሁ። 25 ኪሎ ጤፍ ትከሻው ላይ አድርጓል፣ ላቡ ጠብ ጠብ ይላል። "ዛሬ ልምምድ የለም እንዴ?" አልኩት። "የለም ጋሼ፣ ዕረፍት ነኝ" አለኝ። ሳቅኩ። ቤት ገብቼ ሳስበው ግን ሳቁ ጠፋ፣ ምክንያቱም በእሱ ዕድሜ እኔም ያው ነበርኩ።

ለማታውቁኝ፣ መጀመሪያ ሯጭ ነበርኩ፣ በኋላ ወጌሻ ሆንኩ። የሯጭ እግር ማሸት ከጀመርኩ 25 ዓመት አልፎኛል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ሩጫ ሰንፎ እጄ ላይ የወደቀ ልጅ ብዙ አላየሁም። ማረፍ ፈርቶ የመጣው ግን ተቆጥሮ አያልቅም።

ረጅም ሩጫ ስትሮጥ ጡንቻህ በጥቂቱ ይጎዳል፣ ያጠራቀምከው ጉልበትም (ግላይኮጅን የሚሉት) ይሟጠጣል። የሚጠገነው ስትበላና ስትተኛ ነው። ግላይኮጅኑ ብቻ እንኳ ደህና እየበላህ መልሶ እስኪሞላ አንድ ቀን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል። አጥንትና ጅማት ደግሞ ከሁሉም ይዘገያሉ። ለዚህ ነው ትንፋሽህ "ጨምር" እያለህ ቅልጥምህ የሚከዳህ።

እኔን የከዳኝ በ22 ዓመቴ ነው። ማጣሪያ ደርሶብኝ ነበር። ቀኝ ቅልጥሜ ላይ ሳንቲም የምታክል ቦታ ስነካት ታመኛለች፤ ሰውነቴ ሲሞቅ ትተወኛለች፣ ማታ ትመለሳለች። ለአሰልጣኜ ስነግረው "ሲሞቅህ ይለቅሃል" አለኝ። እሱ ላይ አልፈርድም፣ እኔም መስማት የፈለግኩት ያንኑ ነበር። እኔ ስተኛ ጓደኞቼ ይሮጣሉ ብዬ፣ እነሱ አልፈውኝ ሄደው እኔ እዚሁ አባይ ዳር ቁጭ ብዬ ልቀር ነው ብዬ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ ደብቄ ሮጥኩ። ቤዛዊት ዳገት ላይ እግሬ እምቢ አለ። አጥንቱ ተሰንጥቋል። ጥቂት ቀን ማረፍ ፈርቼ አምስት ወር ተቀመጥኩ፣ የድሮ ፍጥነቴንም ከዚያ ወዲያ አላየሁትም።

ስለዚህ ይቺን ያዙልኝ። ሁለቱም ባትህ እኩል ከከበደህ ድካም ነው፣ ቀለል አድርገህ ሩጥ ወይ ተኛ። በአንድ ጣት ጠቁመህ "እዚህ ጋ" የምትለው ሕመም ካለህ ግን ቁም። ሐኪም ይየው። ቀነኒሳን የሚያክል ሰው በባት ጉዳት ከአንድ ዓመት ተኩል በላይ ከውድድር ርቆ ነበር፤ በርሊን ማራቶን ላይ 2:01:41 የገባው ከዚያ ስንት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2019፣ በ37 ዓመቱ ነው። አንተ ገና 20 ዓመትህ ነው፣ ምን አስቸኮለህ?

ደግሞ ጣና። ከልምምድ በኋላ እግራችሁን ሐይቁ ውስጥ ዘፍዝፋችሁ ስትጫወቱ አያለሁ። ደስ ይላል፣ አውቃለሁ፣ እኔም አድርጌዋለሁ። ግን ጣና ውስጥ ቢልሃርዚያ አለ። ትሉ ከቀንድ አውጣ ወጥቶ በቆዳ ነው የሚገባው፣ ቁስል እንኳ አይፈልግም። አንድ ልጅ ወራት ሙሉ "ኮንዲሽኔ ወረደ" እያለ ልምምድ ሲጨምር ከርሞ፣ በሰገራ ምርመራ የተገኘበት ቢልሃርዚያ ነው። መድኃኒት አለው። እግራችሁን ግን ቤት በባልዲ፣ በቧንቧ ውኃ አቀዝቅዙ።

ቡናና ሻይ ከምግብ ጋር አታስጠጉ፣ ከምግቡ የምታገኙትን አይረን (የብረት ማዕድን) ይቀንሱባችኋል። አንድ ሁለት ሰዓት ቆይታችሁ ጠጡ። እናንተ ሴቶቹ ደግሞ፣ የወር አበባችሁ ሲቀር "ተገላገልኩ" አትበሉ። ብዙ ጊዜ ምግባችሁ ለሩጫችሁ አልበቃም ማለት ነው፣ አጥንታችሁም ሊሳሳ ይችላል። አፍራችሁ አትደብቁ።

ጠዋት ከአልጋ ሳትነሱ የልብ ምታችሁን ቁጠሩና ደብተር ላይ ጻፉ። ከወትሮው አሥር ያህል ከፍ ካለ የዚያን ቀን ስፒድ (የፍጥነት ልምምድ) ይቅር። በመጋቢትና ሚያዝያ ሙቀት ደግሞ ይህን ሳትቆጥሩ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ አትውጡ።

ወደ ጤፉ ልጅ ልመለስ። "ለምን በባጃጅ አልጫንከውም?" ስለው "ብሩስ ጋሼ?" አለኝ። መልስ አጣሁ። ማረፍም ገንዘብ እንደሚጠይቅ አውቃለሁ፤ ቤት ኪራይ አለ፣ ውኃ መቅዳት አለ፣ ወጥ የሚሠራላችሁ ሰው የለም። በመጨረሻ እሱን ጨምሮ አንድ ግቢ የሚኖሩት አራቱ ሯጮች ተነጋገሩ። አስቤዛውን በየተራ፣ ቀለል ያለ ልምምድ ባለበት ቀን፣ ሁለት ሁለት ሆነው ያመጡታል። ባለፈው እሁድ ጠዋት በአራት ሰዓት ደወልኩለት። ስልኩን ያነሳው ጓደኛው ነው፣ በሹክሹክታ። "ተኝቷል ጋሼ፣ ልቀስቅሰው?"

"ተወው" አልኩት።