«ኦኬ ጉግል» ብዬ ብጮህም ስልኬ አይሰማኝም

ጥያቄው የመጣው ከኮምቦልቻ ነው። ጠያቂው ባጃጅ ነጂ ነው፤ ከሁለት ወር በፊት ደሴ ላይ ስክሪን አስቀይሯል። ከዚያ ወዲህ ስልኩን በድምፅ ለማዘዝ «ኦኬ ጉግል» ሲል ስልኩ ዝም ይላል፤ በድምፅ ሲያስጽፍ ያለው ሌላ፣ የሚጻፈው ሌላ ነው፤ ላውድ ላይ ሲያወራ ደግሞ «ጉድጓድ ውስጥ ነህ እንዴ?» ይሉታል። ጆሮው ላይ አድርጎ ሲያወራ ግን ደህና ነው። ሁለቴ ሪሴት አድርጎታል።

ወንድሜ፣ ሪሴቱን ተወው። ጆሮ ላይ ደህና ሆኖ ላውድ ላይ የሚታፈን ድምፅ፣ ያውም ከስክሪን ቅየራ በኋላ የመጣ፣ እኔ የምጠረጥረው ላይኛውን ማይክ ነው። የስክሪኑ ማጣበቂያ ደፍኖታል። መጀመሪያ ከቨሩን አውልቅ፤ የርካሽ ከቨር ቀዳዳ ከማይኩ ጋር አይገጥምም። ከዚያ ቪዲዮ እየቀረጽክ አውራና አዳምጠው። አሁንም ከታፈነ ጥርጣሬዬ ልክ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አብዛኛው ስልክ ሁለት ማይክ አለው፦ አንዱ ታች ቻርጅ ቀዳዳው አጠገብ፣ ሌላው ላይኛው ጠርዝ ላይ ወይም ካሜራው ጎን። ስልኩ ጆሮህ ላይ ሲሆን ታችኛው አፍህ ሥር ስለሆነ ድምፅህን አጉልቶ ይይዛል፤ ላይኛው በብዛት የሚሰማው የሞተሩን ጩኸት ነው። ስልኩ ሁለቱን አስተያይቶ የጋራ የሆነውን ጩኸት ይቀንሳል። ስልኩን ከፊትህ ሰቅለህ ስታዝዘው ግን ብዙ ስልኮች የሚደገፉት ላይኛው ላይ ነው። እሱ ከተደፈነ ሒሳቡ ይዛባል፤ ጩኸቱ እንዳለ ይቆይና ያንተ ድምፅ ይቆረጣል። ስለዚህ ብትጮህም ለውጥ የለውም።

ለመክፈት ስልኩን አጥፋ። ጠርዙን በፀጉር ማድረቂያ አሙቀው፤ እጅህ ከሚችለው በላይ አታግለው። የምትገባው በቀጭን ፕላስቲክ ካርድ ነው። ካቻቢቴም ሆነ ቢላ ባትሪው አጠገብ አይድረስ፤ የተበሳ ሊቲየም ባትሪ እጅህ ላይ ይቀጣጠላል። ብሎኖቹን ፈትተህ መሸፈኛውን ስታነሳ ከሁሉ በፊት የባትሪውን ሶኬት ንቀል።

የደረቀውን ማጣበቂያ ከፍሬሙ ቀዳዳ ውስጥ በስቴኪኒ ጠርገህ አውጣ፤ አልኮል በነካ ጥጥ ጥረገው እንጂ ማይኩ ላይ አታንጠባጥብ። በመርፌ መውጋት ወይም ጎሚስታ ቤት ወስዶ በኮምፕሬሰር ማስነፋት ግን ማይኩን ይገድለዋል፤ ውስጡ ያለው ሽፋን እጅግ ስስ ነው። ማይኩ ላይ የምትቀመጠውን ትንሽ ጎማም ፈልጋት። ስክሪን በችኮላ የሚቀይሩ ሰዎች ጥለዋት ይገጥሙታል፤ ከዚያ ማይኩ የስልኩን ስፒከር ድምፅ ከውስጥ ይሰማል። ከሌለች ከተበላሸ ስልክ ላይ በወረንጦ አንስተህ አዛውር። ማጣበቂያውን እንደ ቅቤ የሚቀባ ሰው ያናድደኛል፤ የፀጉር ያህል ቀጭን መስመር ይበቃ ነበር።

«ቻርጅ ቦርዱን ቀይር» ቢሉህ እሺ አትበል፤ እሱ ላይ ያለው ታችኛው ማይክህ ደህና ነው፣ ርካሹ ቦርድ ደግሞ ያለህን ያበላሽብሃል። ከጠረግህ በኋላም ከታፈነ ማይኩ ራሱ ሞቷል፤ ዋናው ቦርድ ላይ የተበየደ ከሆነ ሆት ኤር (በሙቅ አየር የሚበይድ መሣሪያ) ላለው ሰው ስጠው። ባትሪው አብጦ ካገኘኸውም እንዳትጫነው፣ እንዳትፈነቅለው፤ እንዳለ ለባለሙያ ይዘህ ሂድ።

ሲስተካከል የድምፅ ማስተማሪያውን (ስልኩ ድምፅህን የሚለይበትን ቅጂ) አጥፍተህ ባጃጁ ጠፍቶ ባለበት እንደገና ቅዳው፤ የድሮው የተቀዳው በታፈነ ማይክ ከሆነ አያውቅህም። ጉግል በአማርኛ በድምፅ መጻፍን የጨመረው 2017 እ.ኤ.አ. ነው፤ ለዚህ ኪቦርዱ ላይ አማርኛን ምረጥ። የደውልልኝ ትእዛዝ የምትሰጠው በእንግሊዝኛ ከሆነ ግን የደንበኞችህን ስም በላቲን ፊደል መዝግበው።