ሊዮ፣ ቻንግ ወይስ ሲንጋ? የታይላንድ ቢራ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቻቸው

ስለ ታይላንድ ቢራ የደረሱንን ጥያቄዎች አሰባስበን እንዲህ መልሰናል። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ለሦስት ወር ሥራ ወደ ባንኮክ ልሄድ ነው። እዚያ የከረሙ የውጭ አገር ሰዎች ስለ ቢራ ሲያወሩ አይስማሙም፤ አንዱ በሊዮ ይምላል፣ ሌላው በቻንግ፣ ሌላው በሲንጋ። በእርግጥ ይህን ያህል ይለያያሉ?

መልስ፦ ይለያያሉ፤ ግን እንደሚወራው አይደለም። ሦስቱም ወርቃማ ላገር፣ ማለትም በቅዝቃዜ ቀስ ብሎ የሚብላላ ቢራ፣ ናቸው፤ የሦስቱም አልኮል ዛሬ 5 በመቶ አካባቢ ነው። ልዩነቱ ያለው በእህሉና በምሬቱ ላይ ነው።

ሲንጋ በ1933 የተመሠረተው የቡን ራውድ ጠመቃ ፋብሪካ ቢራ ሲሆን ሙሉ በሙሉ ከገብስ ብቅል ይጠመቃል። ከሦስቱ ወፈር ያለውና በሆፕ (ለቢራ ምሬት በሚሰጠው ተክል) ምሬቱ ጎላ የሚለው እሱ ነው። ጠርሙሱ ላይ የምታዩት ጋሩዳ፣ ማለትም ክንፋሙ የአፈ ታሪክ ፍጥረት፣ የንጉሣዊ ፈቃድ ምልክት ነው። ሊዮም የዚያው የቡን ራውድ ልጅ ነው፤ ቀለል ያለ፣ ምሬቱ የለዘበ፣ ዋጋውም ዝቅ ያለ። ቻንግ የተፎካካሪው የታይ ቤቭሬጅ ቢራ ሲሆን ገበያ የወጣው በ1995 ነው። ሩዝ ስለሚገባበት ሰውነቱ ቀጠን ይላል፤ ምላስ ላይ ወደ ጣፋጭነት ያደላል።

የውጭ አገር ሰዎች ምርጫ ብዙውን ጊዜ ቆይታቸውን ተከትሎ ይሄዳል። አዲስ የገባ ቱሪስት በአገሩ ሱፐርማርኬት ወይም በታይ ምግብ ቤት ያየውን ሲንጋ ይጠራል። ርካሽ ማደሪያ በበዛበት በባንኮኩ ካኦ ሳን መንገድ የሚያርፈው ባለ ጀርባ ሻንጣ ወጣት ቻንግ ያዛል፤ የቻንግ ምልክት የታተመበት እጅጌ የሌለው ካናቴራ እስከ ዛሬ የዚያ ሰፈር መለያ ነው። ዓመታት የከረመው ደግሞ ብዙ ጊዜ ሊዮ ላይ ይረጋል፤ ምክንያቱም የሥራ ባልደረቦቹ ጠረጴዛ ላይ የሚያገኘው እሱን ነው፣ በበረዶም ጥሩ ይሄዳል። በምሽት ቤቶች ሃይኒከን፣ ታይገርና ሳን ሚጌል ላይት የሚጠሩም ብዙ ናቸው። ሃይኒከን ራሱ እዚያው ታይላንድ ውስጥ እንደሚጠመቅ ልብ ይበሉ፤ ተጨማሪውን ብር የሚከፍሉት ለስሙ እንጂ ባሕር አቋርጦ ለመጣ ቢራ አይደለም።

ለራስዎ መወሰን ከፈለጉ ሦስቱንም በትንሹ ጣሳ (320 ሚሊ ሊትር) ይግዙ። አንድ ቀን ሙሉ ጎን ለጎን ፍሪጅ ውስጥ ያቆዩአቸው። ከዚያ ሌላ ሰው ቁጥር በተጻፈባቸው ብርጭቆዎች ይቅዳልዎት፤ እርስዎ የትኛው የትኛው እንደሆነ አይወቁ። ከተቀዳ በኋላ አሥር ደቂቃ ይታገሱ። ምላስ በጣም በቀዘቀዘ ቢራ ላይ ደንዝዞ ምሬትና ጣፋጭነትን መለየት ያቅተዋል፤ 7 ወይም 8 ዲግሪ ላይ ሲደርስ ግን የሲንጋ ምሬት ብቅ ይላል። በዚህ መንገድ ሲቀምሱ ቻንግንና ሊዮን የሚያምታቱ ብዙዎች ናቸው።

ምግቡንም አይርሱ። ሶም ታም የተባለው የጥሬ ፓፓያ ሰላጣና «ላብ» የሚሉት ቅመም የበዛበት ክትፍትፍ ሥጋ በጣም ያቃጥላሉ። የቢራው ጋዝ ማቃጠሉን ያባብሰዋል፤ የሆፕ ምሬት ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ ከሚያቃጥል ምግብ ጋር ቻንግ ወይም ሊዮ ይቀላል። ሲንጋ ቦታውን የሚያገኘው ከተጠበሰ የአሳማ አንገት ወይም ዘይት ከነካው ዶሮ ጋር ነው፤ ምሬቱ ስቡን ከአፍ ይጠርገዋል።

ጥያቄ፦ አንድ ጊዜ የገዛሁት ቻንግ መጥፎ ጠረን ነበረው። አሮጌ ነው ወይስ ቢራው ራሱ እንዲህ ነው?

መልስ፦ ከሁለቱም ይልቅ ጥፋተኛው ብርሃን ሳይሆን አይቀርም። ሆፑ ለቢራው የሰጠው መራራ ንጥረ ነገር ብርሃን ሲያገኘው ይሰበርና ድኝ ያለበት ውህድ ይሆናል፤ ይህ ውህድ በኢምንት መጠን እንኳ አፍንጫ ያውቀዋል። ቡናማ ጠርሙስ ይህን ብርሃን በደንብ ይከለክላል፣ አረንጓዴ ግን ብዙውን ያሳልፋል። ቻንግ በ2015 ከቡናማ ወደ አረንጓዴ ጠርሙስ ተሻግሯል፤ ሃይኒከንም አረንጓዴ ነው፤ ሊዮና ሲንጋ ቡናማ ናቸው። የባሕር ዳርቻ ሱቅ ደጃፍ ላይ ሣጥኑ ፀሐይ ሲመታው ከዋለ፣ በኋላ ፍሪጅ ውስጥ ማስገባት አይመልሰውም። አረንጓዴ ጠርሙስ ሲገዙ ከመደርደሪያው ኋላ፣ መብራት ከማያገኘው በኩል ያንሱ። ጣሳ ከሆነ ይህ ሥጋት የለም።

ጥያቄ፦ በረዶ ቢራ ውስጥ መክተት ቢራውን ማበላሸት አይደለም? በረዶውስ ለሆድ አያሠጋም?

መልስ፦ ታይላንድ ውስጥ በረዶ የመስተንግዶው አካል ነው። 35 ዲግሪ በሚደርስ ሙቀት ደጅ ተቀምጠው ትልቁን ጠርሙስ (620 ሚሊ ሊትር) ከጓደኛ ጋር ሲካፈሉ፣ ያለ በረዶ የመጨረሻው ብርጭቆ ለብ ብሎ ነው የሚደርሰው። ለብ ካለ ላገር ትንሽ የቀጠነ ቀዝቃዛ ላገር ይሻላል፤ ይህን የታይ ጠጪዎች ልማድ ማክበር ይገባል እንላለን። ስሌቱም ቀላል ነው፤ 200 ሚሊ ሊትር ባለ 5 በመቶ ቢራ ውስጥ 50 ሚሊ ሊትር በረዶ ቢቀልጥ ቢራው 4 በመቶ ይሆናል።

ስህተቱ የሚመጣው ከአቀዳዱ ነው። ብርጭቆው ውስጥ ሦስት ወይም አራት ትልልቅ በረዶ ይክተቱ፤ የተፈጨ በረዶ ቶሎ ይቀልጣል። በረዶው አመዳይ ለብሶ ደረቅ ከሆነ ቢራው ሲነካው አረፋ ሆኖ ይገነፍላል፤ ስለዚህ ጥቂት ውኃ ያፍስሱበትና ውኃውን ይድፉት። ብርጭቆውን አዘንብለው በጎኑ ያፍስሱ። ብርጭቆው ሲያልቅ ታች የቀረውን ውኃ ሳይደፉ በላዩ አይቅዱ፤ «በረዶ ያለው ቢራ ውኃ ውኃ ይላል» የሚባለው በአብዛኛው ከዚህ ይመጣል።

ስለ ንጽሕናው፣ መሐሉ ቀዳዳ ያለው ቱቦ መሰል በረዶ በፋብሪካ ከተጣራ ውኃ የሚሠራና ታሽጎ የሚመጣ ነው። ከትልቅ ግንድ በረዶ የተፈለጠው ወይም የተፈጨው ዓሣና መሰል ነገር ለማቀዝቀዝም ስለሚውል እሱን ቢተዉት ይሻላል።

ጥያቄ፦ «ቻንግ ራስ ያዞራል፣ ኬሚካል አለበት» ይባላል። ጠርሙሱን ውኃ ውስጥ ሲደፉት ኬሚካሉ ሲወርድ በዓይን ይታያል ብለው ያሳዩኝም አሉ።

መልስ፦ ያዩት ነገር እውነት ነው፤ ትርጉሙ ግን ሌላ ነው። የተከፈተ ጠርሙስ አፉን ወደ ታች አድርገው ውኃ በያዘ ብርጭቆ ውስጥ ሲያቆሙት ቀጭን፣ እንደ ሽሮፕ የሚወዛወዝ ጅረት ወደ ታች ይወርዳል። ቢራ ውስጥ ሳይፈላ የቀረ ስኳርና ሌላ የእህል ቅሪት ስላለ ቢራው ከውኃ ትንሽ ይከብዳል፤ ስለዚህ ቢራው ራሱ ወደ ታች፣ ውኃው ወደ ላይ ይሄዳል። ሌላ ላገር ወስደው ይሞክሩት፣ ያንኑ ያያሉ። ወርዶ ወጣ የሚባለው ኬሚካል፣ ግሊሰሪን የተባለው ጣፋጭና ወፍራም ፈሳሽም፣ እርሾ በሚፈላበት ጊዜ በየትኛውም ቢራና ወይን ውስጥ በተፈጥሮ የሚገኝ ነው። በዚህ ዘዴ የሚያተርፉት ውኃ የገባበት ቢራ ብቻ ነው።

የራስ ምታቱ ዝና መነሻ ግን አለው። የቀድሞው ቻንግ ክላሲክ 6.4 በመቶ ነበር። ያንን በ620 ሚሊ ሊትር ቢያሰሉት በአንድ ትልቅ ጠርሙስ 31 ግራም ገደማ ንጹሕ አልኮል ይሆናል፤ በ5 በመቶ ሲሆን 24 ግራም ተኩል ነው። አራት ጠርሙስ የጠጣ ሰው በድሮው ቻንግ ከአምስት ጠርሙስ የዛሬ ሊዮ ጋር የሚተካከል አልኮል ወስዷል ማለት ነው። የአልኮሉ መጠን ከወረደ ቆይቷል፤ ስሙ ግን አልለቀቀውም። ዛሬ ማግስቱን የሚያሳምመው ሙቀቱ፣ ላቡና የትልቁ ጠርሙስ ብዛት ነው። በየጠርሙሱ መካከል አንድ ብርጭቆ ውኃ ይጠጡ።

ጥያቄ፦ «ቢያ ዉን» የሚሉትን በረዶ የመሰለ ቢራ ቤት ውስጥ መሥራት ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል። ስሙ «ጄሊ ቢራ» ማለት ነው። ባለ 5 በመቶ ቢራ መርጋት ያለበት ከዜሮ በታች 2 ዲግሪ ተኩል አካባቢ ነው፤ ጠርሙሱ ታሽጎ ቀስ ብሎ ሲቀዘቅዝ ግን ከዚያም ወርዶ ፈሳሽ ሆኖ ይቆያል። ሲከፈት ጋዙ አረፋ ይሠራል፤ ከአረፋው የበረዶ ቅንጣት ይነሣል። የታይ አስተናጋጅ ጠርሙሱን ከፍቶ ቂጡን መታ ሲያደርገው፣ ጥርት ያለው ቢራ ከአንገቱ ጀምሮ እስከ ታች በዓይንዎ ፊት ነጭ ይሆናል።

ለስድስት ትንንሽ ጠርሙስ 4 ሊትር ውኃና ቢራዎቹን ቀድመው ፍሪጅ ውስጥ ያሳድሩ። ውኃው ውስጥ 400 ግራም ጨው ሟሙቶ እስኪያልቅ ያማስሉ፤ ከዚያ 3 ኪሎ በረዶ ይጨምሩ። ቴርሞሜትሩ ከዜሮ በታች 5 ዲግሪ አካባቢ ሲያሳይ ጠርሙሶቹን እስከ አንገታቸው ይንከሩ። ለ40 ደቂቃ ያህል ዕቃውን በየጊዜው ቀስ አድርገው ያወዛውዙ፤ የታይ ምግብ ቤቶች ማሽን የሚሠራውም ይኸው ነው።

ሲከፍቱት ምንም ካልሆነ ቢራው በቂ አልቀዘቀዘም፤ በረዶው ቀልጦ ጨዉን አቅጥኖታል ማለት ነውና አንድ እፍኝ ጨውና ተጨማሪ በረዶ ያክሉ። ሳይከፈት ከረጋ ደግሞ ጨው በዝቷል። ፍሪዘር ውስጥ ረስተው አይተዉት፤ የረጋ ቢራ ይለጠጥና ጠርሙሱን ይሰብራል። በትልቁ ጠርሙስ አይጀምሩ፤ ዳሩ ረግቶ መሐሉ ፈሳሽ ይቀራል።

ጥያቄ፦ «ሲንጋ» ስል አስተናጋጆቹ አይሰሙኝም። ለምን?

መልስ፦ በታይኛ የመጨረሻው «ሃ» ቢጻፍም አይነበብም። «ቢያ ሲንግ» ይበሉ። ትልቁ ጠርሙስ «ኩዋት ያይ»፣ ትንሹ «ኩዋት ሌክ»፣ በረዶ «ናም ኬንግ» ነው። «ቾን ኬው» ብርጭቆ እናጋጭ ማለት ነው፤ «ሞት ኬው» ሲባል ግን ጨርሰህ ጠጣ ነውና ከማጋጨትዎ በፊት የትኛው እንደተባለ ይለዩ።

ጥያቄ፦ ከታይ ባልደረቦቼ ጋር ስቀመጥ ምን ላስተውል?

መልስ፦ ትልቁ ጠርሙስ የጋራ ነው፤ ለራስ ብቻ ቀድቶ ጠርሙሱን አጠገብ ማስቀረት ያስነውራል። የሌላው ብርጭቆ ሲጎድል ይቅዱ፣ የእርስዎንም ሌላው ይሞላዋል። ብርጭቆዎ ሳያልቅ ስለሚሞላ የጠጡትን መቁጠር ያቅትዎታል፤ ባዶ ጠርሙሶቹን ለሰዎቹ ቁጥር ማካፈል ይቀላል። ታወር የሚሉት ረጅሙ የድራፍት ማማ ብዙ ጊዜ 3 ሊትር ይይዛል፣ ይህም አምስት ትልቅ ጠርሙስ ያህል ነው፤ ከአራት ሰው በታች ከሆናችሁ ሳታጋምሱት ጋዙ ይጠፋል። በካኦ ፓንሳ፣ ማለትም በዝናቡ ወራት በሚውለው የሦስት ወር የቡድሂስቶች ሱባኤ፣ መጠጥ የሚያቆሙ ታዮች ብዙ ናቸው፤ እምቢ ያለውን ደግመው አይጋብዙ።

ጥያቄ፦ ሱቅ ገብቼ ቢራ አንሸጥም አሉኝ። ሕጉ ምንድን ነው?

መልስ፦ ለብዙ ዓመታት ሽያጭ የሚፈቀደው ከ11፡00 እስከ 14፡00 እና ከ17፡00 እስከ 24፡00 ብቻ ነበር። በእኛ አቆጣጠር ከረፋዱ 5 እስከ ቀኑ 8፣ ከዚያም ከ11 እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት ማለት ነው። በ2025 መጨረሻ የከሰዓቱ ክልከላ ለሙከራ ተነሥቷል፤ በሥራ ላይ ያለውን ሰዓት የሱቁ ፍሪጅ ላይ ከተለጠፈው ማስታወቂያ ያንብቡ። በዚያው ዓመት የተሻሻለው ሕግ በተከለከለ ሰዓት የሚሸጠውን ብቻ ሳይሆን የሚጠጣውንም እስከ 10,000 ባት (የታይላንድ ገንዘብ) ይቀጣል። ዕድሜ 20 መሙላት አለበት። በቡድሂስቶቹ በዓላት በማካ ቡቻ፣ በዊሳካ ቡቻ፣ በአሳላ ቡቻና በሱባኤው መግቢያና መውጫ ቀናት ሱቆች አይሸጡም፤ ቀኖቹ ጨረቃን ስለሚከተሉ በየዓመቱ ይለዋወጣሉ። ለአሽከርካሪ ወሰኑ በ100 ሚሊ ሊትር ደም 50 ሚሊ ግራም አልኮል ነው፤ ሞተር ሳይክል ተከራይተው ከሆነ ቁልፉን ሆቴል ይተዉት።

የጠርሙስ ምልክት የሚታይበት ፎቶ በማኅበራዊ ሚዲያ እያወደሱ መለጠፍም፣ በተለይ ለጥቅም ከሆነ፣ በ2008ቱ የአልኮል ቁጥጥር ሕግ ከማስታወቂያ ተቆጥሮ ከባድ ቅጣት ሊያስከትል ይችላል። ሲንጋና ቻንግ ስማቸውን በሶዳና በመጠጥ ውኃ ጠርሙስ ላይ አጥብቀው የሚያሳዩትም ስለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ከሁለቱ ትልልቅ ጠማቂዎች፣ ከቡን ራውድና ከታይ ቤቭሬጅ፣ ውጪ ሌላ የታይ ቢራ የለም?

መልስ፦ አለ፣ እየበዛም ነው። ቀደም ሲል ጠርሙስ ለሚያሽግ ጠማቂ በዓመት 10 ሚሊዮን ሊትር፣ እዚያው ጠምቆ ለሚሸጥ ደግሞ 100,000 ሊትር ዝቅተኛ መጠን ይጠየቅ ስለነበር ትንሹ ጠማቂ መግቢያ አልነበረውም። በኅዳር 2022 ደንቡ ላላ። በ2023 መጨረሻ በኃይል ሰጪ መጠጡ የሚታወቀው ካራባኦ ከላገር ጋር ዱንከል የተባለውን ጥቁር ቢራ አወጣ፤ ታዋንዴንግ በሚለው ስም ደግሞ የስንዴ ቢራ። በበረዶ የሚጠጣ ላገር ለሰለቸው ሰው መጀመሪያ የምንመክረው የስንዴውን ነው። እሱን ግን ያለ በረዶ ይቅዱት፤ መዓዛው በበረዶ ይታፈናል።