የኮምፒውተሩን ስም ዲኤንኤስ ላይ ማን ይመዝግበው?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። የአንድ ድርጅት ኔትወርክ የማስተዳድር ልጅ ነኝ። አክቲቭ ዳይሬክተሪ (ኮምፒውተሮችንና ተጠቃሚዎችን በአንድ ዶሜይን ሥር የሚያስተዳድረው የዊንዶውስ ሥርዓት) አለን፣ አይፒ የሚሰጠውም የዊንዶውስ ዲኤችሲፒ ሰርቨር ነው። አንዱን ኮምፒውተር በስሙ ፒንግ ሳደርገው የሌላ ኮምፒውተር አይፒ ይመጣል። አንዳንዱ ደግሞ 192.168.56.1 የሚል፣ እኛ ጋ ጭራሽ የሌለ አድራሻ ይመልሳል። ዲኤንኤሱ (ስምን ወደ አይፒ የሚተረጉመው አገልግሎት) ላይ የተሳሳተውን አጥፍቼ ትክክለኛውን በእጄ እጽፋለሁ፤ ጥቂት ቀን ይሠራና ተመልሶ ያው ነው። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ወንድማችን፣ መጀመሪያ በእጅ መጻፉን ተወው። ግማሹ ጣጣ የመጣው ከዚያ ነው።

ሪከርዱን፣ ማለትም የስምና የአይፒ ምዝገባውን፣ የሚጽፈው ኮምፒውተሩ ራሱ ነው። ዊንዶውስ ሲነሳ፣ አይፒው ሲቀየር፣ ምንም ባይቀየር እንኳ በየ24 ሰዓቱ «ስሜ ይሄ፣ አድራሻዬ ይሄ» እያለ ለዲኤንኤስ ሰርቨሩ ይልካል። ዳይናሚክ አፕዴት የሚባለው ይሄ ነው፣ አሠራሩም እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ ስታንዳርድ ሆኖ ያለ ነው። አንተ መሃል ገብተህ በእጅህ ስትጽፍ ሁለት ነገር ይበላሻል። አንደኛ፣ የጻፍከው ሪከርድ ጊዜ ስለማይመዘገብበት ቋሚ ይሆናል፣ ማንም አያጸዳውም። ሁለተኛው ይብሳል፦ ዞኑ (የድርጅቱ ስሞች የተመዘገቡበት የዲኤንኤስ ክፍል) ሴኪዩር አፕዴት ብቻ፣ ማለትም ማንነቱ ከተረጋገጠ ላኪ የመጣውን ብቻ፣ የሚቀበል ከሆነ የሪከርዱ ባለቤት አንተ ትሆናለህ፣ ስለዚህ የኮምፒውተሩ አይፒ በሚቀጥለው ሳምንት ሲቀየርና ሊያድሰው ሲሞክር ሰርቨሩ አይፈቅድለትም፣ የድሮው አድራሻም እዚያው ተገትሮ ይቀራል። «ጥቂት ቀን ይሠራና» ያልከው ይሄን ነው የሚመስለው።

192.168.56.1 ቀላሉ ነው። እዚያ ኮምፒውተር ላይ ቨርቹዋልቦክስ (በኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ምናባዊ ኮምፒውተር የሚያስኬድ ፕሮግራም) የጫነ ሰው አለ ማለት ነው። ፕሮግራሙ ሲጫን የራሱን ምናባዊ የኔትወርክ ካርድ ይፈጥራል፣ በዲፎልት የምትሰጠውም አድራሻ ይቺው ናት። ዊንዶውስ ደግሞ ካርድ አይመርጥም፣ ያገኘውን ሁሉ ያስመዘግባል። የቪፒኤን ካርድም እንዲሁ ያደርጋል። መፍትሔው የዚያን ካርድ ፕሮፐርቲስ ከፍተህ፣ ከአይፒ ቨርዥን 4 ወደ አድቫንስድ፣ ከዚያ ወደ ዲኤንኤስ ታብ ሄደህ «ሬጂስተር ዚስ ኮኔክሽንስ አድሬስስ ኢን ዲኤንኤስ» የሚለውን ምልክት ማንሳት ነው። የምናባዊውን ካርድ እንጂ የዋናውን እንዳታነሳ! ከዚያ የተሳሳተውን ሪከርድ አጥፋና በኮማንድ መስኮቱ አይፒኮንፊግን ከሬጂስተርዲኤንኤስ ጋር አስኪደው።

የሌላ ኮምፒውተር አይፒ የሚመጣው ግን ከእጅ ጽሑፉ ሌላ በውዝፍ ሪከርድ ምክንያት ነው። አንድ ላፕቶፕ ከቢሮ ይወጣል፣ አይፒው ለሌላ ይሰጣል፣ የድሮው ስም ግን አብሮ አይወጣም። ለዚህ ስካቬንጂንግ የሚባል ጽዳት አለ። በዲፎልት ዝግ ነው፣ ደግሞም ዞኑ ላይ ብቻ ወይም ሰርቨሩ ላይ ብቻ ብትከፍተው አይሠራም፤ ሁለቱም ጋ መከፈት አለበት። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ነው የሚሸወደው። ጊዜው በዲፎልት ሪከርዱ የማይታደስበት (ኖ-ሪፍሬሽ) 7 ቀን እና የሚታደስበት (ሪፍሬሽ) 7 ቀን ነው፣ ማለትም ያልታደሰ ሪከርድ ቢያንስ 14 ቀን ይቆያል። የዲኤችሲፒው ሊዝ (አንድ አይፒ ለአንድ ኮምፒውተር የሚሰጥበት ጊዜ) በዲፎልት 8 ቀን ስለሆነ ብዙም አይጋጭም፤ ለዋይፋይ ብለህ ሊዙን ወደ ጥቂት ሰዓት ካወረድከው ግን 14 ቀን በጣም ረጅም ነው፣ አሳጥረው። ከመክፈትህ በፊት የሪከርዶቹን ቀን ዓይተህ እለፍ፣ ራሱን ማደስ ያቆመ ወሳኝ ሰርቨር ካለ አብሮ ይጠረጋልና።

አሁን ዋናው ነገር፦ ማን ይመዝግብ? በዲፎልት ስምን ወደ አይፒ የሚወስደውን ሪከርድ ኮምፒውተሩ፣ የተገላቢጦሹን ዲኤችሲፒ ይጽፋል። ዲኤችሲፒ ሁለቱንም እንዲጽፍ ማድረግም ይቻላል። በኔ እምነት የዶሜይን አባል የሆነው ራሱ ይመዝገብ፤ ዲኤችሲፒ ደግሞ መመዝገብ ለማይችሉት ለፕሪንተርና ለመሳሰሉት ይጻፍ። ዲኤችሲፒ ሁሉንም እንዲይዝ ከፈለግክም ግድ የለም፣ ብቻ ግማሹን እዚህ ግማሹን እዚያ አታድርገው፣ ሴኪዩር ዞን ላይ ቀድሞ የጻፈ ባለቤት ነውና። ዲኤችሲፒው ውስጥ ለዚሁ ሥራ ብቻ የሚሆን ተራ የዶሜይን አካውንት አስገባለት፤ ያለዚያ ሰርቨሩን የቀየርክ ቀን አዲሱ የአሮጌውን ሪከርድ መንካት አይችልም።

ጥያቄ፦ ሰርቨሬ ቋሚ አይፒ አለው። አንደኛ ዲኤንኤሱ የውስጥ፣ ሁለተኛው 8.8.8.8 ነው። አንዳንዴ ይመዘገባል፣ አንዳንዴ አይመዘገብም።

መልስ፦ 8.8.8.8ን አውጣው። የውስጡ ለአፍታ ካልመለሰ ኮምፒውተሩ ወደ ውጭው ይዞራል፣ የውጭው ደግሞ የናንተን ዞን ስለማያውቅ «የለም» ይላል፣ ኮምፒውተሩም ይሄን መልስ ብሎ ይቀበላል እንጂ ሌላ አይጠይቅም። ለመመዝገብ መጀመሪያ የዞኑን ዋና ሰርቨር ማግኘት ስላለበት እሱም አብሮ ይቀራል። ሁለተኛ ካስፈለገህ ሌላ የውስጥ ዲኤንኤስ አስገባ። 8.8.8.8 ቦታው ዲኤንኤስ ሰርቨሩ ላይ፣ ፎርዋርደር (ሰርቨሩ የማያውቀውን ስም የሚጠይቃቸው የሌሎች ሰርቨሮች ዝርዝር) ውስጥ ነው።

ጥያቄ፦ እኛ ሊኑክስ ላይ ባይንድ የሚባለውን የዲኤንኤስ ሰርቨር ነው የምንጠቀመው። ዳይናሚክ አፕዴት ከከፈትን ወዲህ የዞን ፋይሉን ሳርም ለውጡ ይጠፋብኛል።

መልስ፦ ባይንድ የሚመጣውን አፕዴት መጀመሪያ ጆርናል ፋይል ላይ ይጽፋል፣ የዞን ፋይሉን የሚያድሰው በኋላ ነው። አንተ ያረምከው ላይ እሱ ደርቦ ይጽፍበታል። የግድ ማረም ካለብህ በአርኤንዲሲ (የባይንድ መቆጣጠሪያ ትእዛዝ) ዞኑን ፍሪዝ አድርግ (አፕዴቱን አቁመው)፣ አርም፣ ከዚያ ቶው በለው (መልሰህ ክፈተው)። ለአንድና ሁለት ሪከርድ ግን ኤንኤስአፕዴት (ዳይናሚክ አፕዴት የሚልክ ትእዛዝ) ይበቃል። እግረ መንገድህን አላው-አፕዴት (አፕዴት መላክ የሚፈቀድለትን የሚወስነው የባይንድ ቅንብር) ላይ የፈቀድከው በአይፒ ከሆነ ቀይረው፣ የሌላን አይፒ አስመስሎ መላክ ይቻላልና። ለእያንዳንዱ ኮምፒውተር በስሙ ቁልፍ ስጠውና አፕዴት-ፖሊሲ ላይ ሰልፍ የሚለውን ደንብ ተጠቀም፤ እንዲህ ሲሆን ማንም ከራሱ ስም ሌላ መንካት አይችልም።