የስብዕና መጠይቅ ልትወስዱ ነው? ጠይቁኝ

ኮምቦልቻ ውስጥ በሰው ኃይል አስተዳደር ሥራ ረጅም ጊዜ ቆይቻለሁ። ሰሞኑን ብዙ ሰው ለየብቻ ስለጠየቀኝ ለሁላችሁም እዚሁ ልመልስ። አስቀድሜ የምለው፦ ይህ ፈተና አይደለም፤ ትክክለኛ መልስ የሚባል ነገር የለውም።

የሆጤ ልጅ፦ ጋሼ፣ ቅዳሜ ማየርስ-ብሪግስ የሚባለውን እወስዳለሁ። ምን ላጥና?

መልስ፦ ምንም። በደንብ ተኛ፣ ቁርስህን ብላ፣ መመሪያውን አንብብ።

ሰኞ ገበያ፦ ማን ነው ያወጣው?

መልስ፦ ካትሪን ብሪግስና ልጇ ኢዛቤል ማየርስ የሚባሉ አሜሪካውያን ናቸው። መነሻቸው የስዊዘርላንዱ የአእምሮ ሐኪም ካርል ዩንግ እ.ኤ.አ. በ1921 ያሳተመው የስብዕና ዓይነቶች ሐሳብ ነው። መጠይቁ አራት ጥንድ ዝንባሌዎች አሉት፤ ለምሳሌ አንዱ ጥንድ ወደ ውጭ ወይም ወደ ውስጥ ማዘንበል ነው፤ ሲቀናጁ 16 ዓይነት ይሆናሉ።

ተመራቂዋ፦ ከብዙ ሰው ጋር መሆን ትመርጫለሽ ወይስ ከጥቂቶች ጋር የሚል ዓይነት ጥያቄ አለው አሉ። እኔ ለቅሶም ሰርግም ቀድሜ እገኛለሁ፤ ቤቴ የምገባው ግን ዝዬ ነው። የቱን ልምረጥ?

መልስ፦ እንዲህ ያለ ጥያቄ ነው የምፈልገው! የእኛ አገር ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ለቅሶ የሄድሽው ጎረቤት ስለሆንሽ ነው። ቡና ከአቦል እስከ በረካ ተቀምጠሽ የጠጣሽው ጥሎ መውጣት ነውር ስለሆነ ነው። መጠይቁ ግን የሚፈልገው ግዴታሽን ሳይሆን ዝንባሌሽን ነው። ይሉኝታ የሌለበትን ሰዓት አስቢ፦ ሥራ የለሽም፣ የሚጠብቅሽ የለም፣ የሚታዘብሽም የለም። ያኔ እግርሽ ወዴት ይወስድሻል? እሱን ምረጪ። መሥሪያ ቤት ውስጥ የምትሆኝውን፣ እናትሽ እንድትሆኝ የምትፈልገውንም ተይው። ብቻሽን ሆነሽ ሙዪው፤ እህትሽ ከጎንሽ ተቀምጣ «አንቺ እንዲህ አይደለሽም» ካለችሽ የተሞላው የእሷ አስተያየት ነው።

ጦሳ ሥር፦ የደሴ ሰው ሁሉ ወደ ውስጡ ያዘነበለ ነው፤ ብርዱ ነው ቤት የሚያስቀምጠን።

የሐረጎ ቁልቁለት፦ ታዲያ ፒያሳን ማታ ማታ የሚሞላው ማን ነው? ከኮምቦልቻ የመጣን እኛ ነን?

ጦሳ ሥር፦ እናንተማ ሙቀቱ አያስቀምጣችሁም።

መልስ፦ የአየር ጠባይ ክርክሩን ሌላ ቦታ። ጥያቄ ያለው?

ሥራ ፈላጊ፦ ያመለከትኩት ለሽያጭ ሥራ ነው። ተግባቢ መስዬ ብሞላስ?

መልስ፦ ይህን መጠይቅ ለቅጥር መምረጫ ማዋል ተገቢ እንዳልሆነ የሚያስጠነቅቁት ራሳቸው ባለቤቶቹ ናቸው። ዝንባሌን እንጂ ችሎታን አይለካም፤ ዝምተኛ ሆነው ጥሩ የሚሸጡ ሞልተዋል። ስለዚህ ቀጣሪህን «ውጤቱ ለምን ይውላል? ማንስ ያየዋል?» ብለህ በአክብሮት ጠይቅ። ለቅጥር የሚውሉ ሌሎች መጠይቆች አሉ፤ አንዳንዶቹ ራሱን የሚያሳምር መላሽን የሚይዙ ጥያቄዎች አሏቸው። መስለህ ከሞላህ እዚያ ትያዛለህ። ካልተያዝክም የሚቀጠረው ያ የመሰልከው ሰው ነው፤ ጠዋት ጠዋት ሥራ የምትገባው ግን አንተ ነህ።

ቧንቧ ውሃ፦ መልሱን በ200 ብር የሚሸጥ ሰው አግኝቻለሁ። ልግዛ?

መልስ፦ የሌለ ነገር እንዴት ይሸጣል? ትክክለኛ መልስ የለውም ብያለሁ። ብርህን ያዝ።

መምህርት፦ ሁለት ጊዜ ወስጄ ውጤቱ ተለያየብኝ። እኔ ነኝ የተለወጥኩት?

መልስ፦ አብሽሪ፣ አልተለወጥሽም። መጠይቁ እያንዳንዱን ጥንድ መሐል ላይ ይቆርጠዋል። መሐሉ አጠገብ ያለ ሰው ሁለት ሦስት ጥያቄ ላይ ሐሳቡን ከቀየረ ወደ ማዶ ይሻገራል። ብዙ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች መጠይቁን የሚነቅፉት አንዱ በዚህ ነው፤ እነሱ የሚመርጡት አምስቱ ዋና ዋና ባሕርያት የሚባለውን ልኬት ነው፤ እሱ በደረጃ እንጂ በዓይነት አይከፍልም።

አዲስ ሙሽራ፦ ለትዳር የሚስማማኝ የትኛው ዓይነት ነው?

መልስ፦ ሽማግሌ ጠይቅ።

ኮምቦልቻ ቁጥር ሁለት፦ ጥያቄዎቹ በእንግሊዝኛ ከሆኑስ?

መልስ፦ የአማርኛ ቅጂ እንዳለ አስቀድመህ ጠይቅ። ከሌለም ያልገባህን ቃል ሳትጠይቅ አትለፍ፤ በግምት የተሞላ ወረቀት ያንተን ጠባይ አይናገርም።

ሰላም ፈላጊ፦ ጋሼ ይቅርታ፣ ከላይ አላነበብኩም። ምን ባጠና ይሻለኛል?

መልስ፦ ከላይ ያለውን።