ግለ ታሪክ ላይ የተጻፈው እውነት መሆኑን ማረጋገጥ የማን ሥራ ነው?

ጥያቄ፦ ከ14 ወር በፊት የታተመ አንድ ግለ ታሪክ አክስቴ በ1970 ዓ.ም. የሰፈራችንን ልጆች ለአብዮት ጥበቃ ጠቁማ እንዳስያዘች ይናገራል። ስሟን አይጠራም፤ «ከወፍጮ ቤቱ ጎን የነበረችው የመምህሩ ልጅ» ይላታል። የክፍል ፎቶዋም በመጽሐፉ ወጥቷል። በዚያው ገጽ ከ9 ዓመት በፊት ያረፈው አባቴም ተነስቷል። ካነበብነው 5 ወር ሆነን። ደራሲውን ስንጠይቀው «ማተሚያ ቤቱ አይቶታል፣ አይኤስቢኤንም ተሰጥቶታል» አለን። ማተሚያ ቤቱ ደግሞ «እኛ የመጣልንን ነው የምናትመው» ይላል። እውነትነቱን ማረጋገጥ የማን ሥራ ነበር?

መልስ፦ መጽሐፍ ከመታተሙ በፊት እውነትነቱን የሚያጣራ መሥሪያ ቤት የለም፤ እንዲኖርም ሕጉ አይፈቅድም። ሳንሱር በ1985ቱ የፕሬስ አዋጅ ቀርቷል፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29ም ቅድመ ምርመራን በማናቸውም መልኩ ከልክሏል። አይኤስቢኤን የመጽሐፉ መለያ ቁጥር ነው። ቁጥሩን የሚሰጠው ክፍል ውስጡ ምን እንደተጻፈ አያነብም። የቅጂ መብት ምዝገባም ቢሆን ሥራው የማን እንደሆነ እንጂ እውነት መሆኑን አይመሰክርም። ስለዚህ የደራሲው መልስ ውኃ አይቋጥርም።

ማጣራቱ ቀድሞ ባይመጣም ማስረዳቱ ግን ኋላ ይመጣል። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 2044 መሠረት በሕይወት ያለን ሰው የሚያስጠላ፣ የሚያስንቅ ወይም መሳቂያ የሚያደርግ፣ ስሙን ወይም የወደፊት ዕድሉን የሚጎዳ ነገር የጻፈ ኃላፊ ነው። ክፉ ሐሳብ አልነበረኝም ማለት ብቻውን ነፃ አያወጣውም። ቁጥር 2047 ደግሞ ተለይቶ የተጠቀሰን ድርጊት የጻፈ ሰው እውነት መሆኑን ካስረዳ ነፃ ይወጣል ይላል። ሸክሙ የጸሐፊው ነው፤ አክስትዎ «አልጠቆምኩም» የሚል ምስክር ፍለጋ አትዞርም። ያም ሆኖ እውነት ቢሆን እንኳ የተጻፈው ለመጉዳት ብቻ ከሆነ ኃላፊነቱ አይቀርም።

እዚህ ላይ ዓረፍተ ነገሩን ቃል በቃል ማየት ያስፈልጋል። «ሰፈራችን ጠቋሚ የበዛበት ነበር» የሚለው ስለ ዘመኑ የተሰጠ አስተያየት ነው፤ ሕዝብን በሚመለከት ጉዳይ ሐሳብ መስጠትን ቁጥር 2046 በሰፊው ይጠብቃል። «የመምህሩ ልጅ ልጆቹን አስያዘች» የሚለው ግን ድርጊት ነው፤ ማስረጃ ይጠየቅበታል። «ይባል ነበር» ወይም «እንደማስታውሰው» የሚል ቃል ቢጨመርበትም ከለላ አይሆንም። ስም አለመጥራትም ብዙ አይረዳውም፤ የሰፈሩ ሰው አንብቦ «እገሊት ናት» ካለ ተለይታለች ማለት ነው። ይህን የሚመሰክሩ ከቤተሰብ ውጭ የሆኑ ሁለት ወይም ሦስት አንባቢዎች ያስፈልጓችኋል። ምስክሮቹ ዘመድ ብቻ ከሆኑ ክሱ ሊወድቅ ይችላል።

አታሚና አሳታሚ በአንዲት ፊደል ይለያያሉ፤ በሕግ ግን ልዩነታቸው ሰፊ ነው። ደራሲው በስም ማጥፋት ኃላፊ ሲሆን የመጽሐፉ አሳታሚም በቁጥር 2135 መሠረት ተጠያቂ ነው። በመጽሐፍ ጉዳይ ይህ ቁጥር የሚጠራው አሳታሚውን ነው። ማተሚያ ቤቱ ወይም አርታኢው የሚጠየቁት የራሳቸው ጥፋት በቁጥር 2028 ከተረጋገጠባቸው ብቻ ነው። እንግዲህ ከርዕሱ ገጽ ጀርባ ያለውን የቅጂ መብት ገጽ ይመልከቱ። እኛ አገር አብዛኛው ግለ ታሪክ በደራሲው ወጪ ስለሚታተም አሳታሚው ራሱ ደራሲው ሆኖ መገኘቱ የተለመደ ነው። ሌላ አሳታሚ ካለና ከደራሲው ጋር «ለይዘቱ ኃላፊው ደራሲው ነው» ብለው ቢዋዋሉ፣ ውሉ የሚሠራው በሁለቱ መካከል ነው፤ አክስትዎን አያስርም።

ስለ አባትዎ የምነግርዎ ደስ አያሰኝም። ቁጥር 2044 የሚጠብቀው በሕይወት ያለን ሰው ስለሆነ በአባትዎ ስም የካሳ ክስ አያዋጣም። ከሳሿም አክስትዎ እንጂ እርስዎ አይደሉም።

የወንጀሉን መንገድ እርሱት። ስም ማጥፋት በግል አቤቱታ የሚቀርብ ወንጀል ነው፤ አቤቱታው ድርጊቱና አድራጊው ከታወቁ በ3 ወር ውስጥ መቅረብ ነበረበት፤ እናንተ ካወቃችሁ 5 ወር አልፏል። የፍትሐ ብሔሩ ክስ ግን በቁጥር 2143 ጉዳቱ ከደረሰ ጀምሮ 2 ዓመት አለው። ከመጽሐፉ መውጣት ብንቆጥር 10 ወር ይቀራችኋል። ደብዳቤ መጻጻፉ ይህን ጊዜ እንደማያቋርጠው አድርጋችሁ ቁጠሩ።

ከምንም በፊት አክስትዎን ለብቻ አስቀምጠው ይጠይቁ። ክሱ ሲከፈት እውነቱም አብሮ ይከፈታል። ደራሲው በሕይወት ያሉ እስረኞችን ምስክር አድርጎ ሊጠራ ይችላል፤ በልዩ ዓቃቤ ሕግ ከተያዙት የቀይ ሽብር መዝገቦች የፍርድ ግልባጭም ሊያወጣ ይችላል። ስሟ እዚያ ካለ መልሴ ይለወጣል።

ከሌለ በደረሰኝ ሁለት ቅጂ ግዙ፣ ስንተኛ እትም እንደሆነም ያዙ። ለደራሲውና ለአሳታሚው በሪኮማንዴ ደብዳቤ ጻፉ። በደብዳቤው ገጹንና መስመሩን ጥቀሱ፤ ባልተሸጡት ቅጂዎች የእርማት ወረቀት እንዲገባ፣ በሚቀጥለው እትም አንቀጹ እንዲወጣ ጠይቁ፣ 15 ቀን ስጡ። ካልሆነ ደራሲው በሚኖርበት አካባቢ ባለው ፍርድ ቤት ክስ ይመሥረት።

በክሱ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በገንዘቡ ነው። የሞራል ካሳ ጣሪያ በቁጥር 2116 አሁንም 1,000 ብር ነው። ከፍ ያለ ካሳ የሚፈቅደው የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ጋዜጣና መጽሔትን፣ ስርጭትንና የበይነ መረብ መገናኛን እንጂ መጽሐፍን አይገዛም። የዳኝነት ክፍያ ደግሞ በተጠየቀው ገንዘብ ልክ ስለሚታሰብ 2 ሚሊዮን ብር የሞራል ካሳ የጠየቀ ሰው ከሚያገኘው በላይ ከኪሱ ያወጣል። ሥራ መቅረት ወይም ውል መሰረዝ ያለ በሰነድ የሚታይ ኪሳራ ካለ ለብቻው ይዘርዘር። ዋናው ጥያቄ ግን በተከሳሹ ወጪ እርማት እንዲታተም ይሁን፤ ፍርድ ቤቱ ይህን ማዘዝ ይችላል።

ፎቶው ለብቻው ቀላል ነጥብ ነው። ያለ ፈቃዷ መውጣቱ ቁጥር 27ን ይነካል። በቁጥር 28 የተዘረዘሩት እንደ ታዋቂነትና የመንግሥት ሥራ ያሉት ልዩ ሁኔታዎች ለአንዲት ተማሪ የክፍል ፎቶ የሚገጥሙ አይመስለኝም። ስለዚህ ደራሲው ስለ ጠቋሚነቱ ምስክር ቢያመጣ እንኳ ፎቶው ከመጽሐፉ እንዲወጣ መጠየቅ ትችላለች።