ለደሴዋ እህታችን፦ ቀላሉን ድረ ገጽ ያሠሩ

እህቴ፣ ደሴ ፒያሳ ለሚከፍቱት የቤት ዕቃ መደብር ቪዲዮና ተንሸራታች ሥዕል የሞላበት ድረ ገጽ ይሻል እንደሆነ ወይስ ጽሑፍና ጥቂት ፎቶ ብቻ ያለው፣ ብለው ጠይቀዋል። ሁለተኛውን ያሠሩ። እኔ ኮምቦልቻ ላይ የግንባታ ዕቃ እሸጣለሁ፤ የመጀመሪያውን ዓይነት ሠርቶ ያስረከበኝ ድርጅት ገንዘቤንም ደንበኞቼንም አሳጥቶኛል።

1. ከመረከብዎ በፊት ድረ ገጹን በሠሪው ቢሮ ዋይፋይ ሳይሆን በርካሽ ስልክ፣ በሞባይል ዳታ፣ ኔትወርክ በሚደክምበት ቦታ ከፍተው ይዩት። ለእኔ ያሳዩኝ አዲስ አበባ፣ በትልቅ ኮምፒውተር ላይ ነበር፤ በእርግጥም ያምር ነበር። ከሐይቅና ከከሚሴ የፌሮና የቆርቆሮ ዋጋ ለማየት የሚከፍቱት ግንበኞች ግን ነጭ ገጽ ላይ አፍጥጠው ይቀሩ ነበር፤ የገዙት ፓኬጅ ያልቃል፣ ዋጋው አይመጣም። ይህን ለድርጅቱ ስነግር የተሰጠኝ መልስ «ደንበኞችህ ስልክ ይቀይሩ» የሚል ነበር። ሥራ ላይ ቆሞ ዋጋ የሚያጣራ ሰው ስልክ እንዲቀይርልኝ የሚጠብቅ ባለሙያ ለማን እንደሚሠራ አልተረዳም፤ ዛሬም ሳስበው ያናድደኛል።

2. ዋጋ በጽሑፍ ይቀመጥ። እነርሱ የዋጋ ዝርዝሬን ሥዕል አድርገው ስላስገቡት የሲሚንቶ ዋጋ በተለወጠ ቁጥር አዲስ ሥዕል ለማሠራት ያስከፍሉኝ ነበር። አንድ የአማርኛ ፊደል በተለመደው የዩኒኮድ (ኮምፒውተርና ስልክ ፊደላትን የሚያስቀምጡበት ሥርዓት) አቀማመጥ 3 ባይት ይይዛል፤ ስለዚህ 3,000 ፊደላት ያሉት ዝርዝር 9 ኪሎ ባይት ገደማ ብቻ ነው። ከስልክ ካሜራ እንደወጣ የተጫነ 4 ሜጋ ባይት ፎቶ ግን ከ400 እንዲህ ዓይነት ዝርዝሮች በላይ ይከብዳል። የእርስዎ ሥራ ሶፋና አልጋ በመሆኑ ፎቶ የግድ ያስፈልግዎታል፤ ሆኖም ስፋቱ ወደ 1,000 ፒክስል ወርዶ ሲጨመቅ ብዙውን ጊዜ ከ200 ኪሎ ባይት በታች ይሆናል፣ በስልክ ላይም ጥራቱ አይጎድልበትም።

ነጩን ገጽ ያመጣው ግን ከፎቶውም ይልቅ ጃቫስክሪፕቱ፣ ማለትም ስልኩ ላይ ወርዶ የሚሠራው የፕሮግራም ኮድ፣ ነበር። ፎቶ ቢዘገይ ጽሑፉ ቀድሞ ይነበባል፤ ጽሑፉ ራሱ በጃቫስክሪፕት እንዲገነባ ከተደረገ ግን ኮዱ በሙሉ ወርዶ፣ ስልኩም አንብቦ እስኪያስኬደው ድረስ አንዲት ቃል አትታይም፤ ደካማ ስልክ ደግሞ ይህን ለመሥራት ይቸገራል። በዚያ ላይ ልዩ የአማርኛ ፎንት (የፊደላት ቅርጽ የያዘ ፋይል) ጨምረውበት ነበር። የእኛ ፊደል በመቶዎች የሚቆጠሩ ቅርጾች ስላሉት ፎንቱ ይከብዳል፤ የዛሬ ስልኮች አብዛኞቹ የአማርኛ ፊደል ይዘው ስለሚመጡ ደግሞ ጭራሽ አያስፈልግም ነበር።

በመጨረሻ እዚሁ ኮምቦልቻ የተማረ ወጣት ሁሉንም አፍርሶ በተራ ኤችቲኤምኤል (የድረ ገጽ መሠረታዊ ቋንቋ) ሠራልኝ። ዛሬ ዋጋውን የመጋዘን ሠራተኛዬ ከስልኩ ላይ ይለውጠዋል፤ የሐይቅ ደንበኞቼም ዋጋውን አይተው ነው የሚደውሉት። የከተማችን ልጅ የአዲስ አበባው ድርጅት ያቃተውን በመሥራቱ እኮራለሁ፤ እርስዎም ሠሪ ከመፈለግዎ በፊት በአካባቢዎ ያሉትን ይጠይቁ።

ስልክ ቁጥርዎንም በሥዕል ውስጥ እንዳያስገቡት፤ በገጹ አናት ላይ በጽሑፍ ይቀመጥ፣ ሲነካም በቀጥታ የሚደውል ይሁን።